የኮሌጁ አሰልጣኞች ተረት

ልጅ ሳለሁ ሲመሽ እግሬ የሚወስደኝ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ወዳለው የኮሌጅ ኳስ ሜዳ ነበር። እናቴ ሥራ ፍለጋ ከሄደች ወዲህ፣ አክስቴ ቤት ብገባም ባልገባም «የት ነበርክ?» የሚለኝ አልነበረም። የሜዳው ዘበኛ ኣያ ሓጎስ በሩ አጠገብ በአሮጌ ቆርቆሮ ከሰል አያይዘው በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፤ ፋኖሳቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ጭሱ እሳቱን የከበብነውን የሰፈር ልጆች ዓይን እየለበለበ፣ የኮሌጁን ቡድን ያሰለጠኑትን ሰዎች እንደ ነገሥታት በየተራ ያወሩልናል።

የመጀመሪያው ዳገቱን ሳያስሮጥ ኳስ አያስነካም። ሁለተኛው የወሎ ሰው ነበር፣ ድምፁ የማይሰማ። ያኔ በቡድኑ ወግ፣ ሲሸነፉ የሁሉንም ማሊያ የሚያጥበው ጎል የገባበት በረኛ ነበር፤ ሰውዬው ግን እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ያጥብ ነበር አሉ። ከመካከላችን አፈኛው ኪሮስ «ታዲያ አሰልጣኝ ነው ላውንደሪ?» ብሎ ሲያስቀን፣ ኣያ ሓጎስ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። እኛ የምንወደው ሦስተኛውን፣ ዋንጫ ያመጣውን ነበር።

አንድ መስከረም ላይ አዲስ የመጣው አሰልጣኝ የሰፈር ልጆች ቡድን ላቋቁም ብሎ አሰለፈን። እኔ ያን ቡድን እንደ ቤት ነበር የተመኘሁት። በጣቱ «አንተ፣ አንተ» እያለ መጣ፤ ኪሮስን ነካው፣ እኔን አለፈኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ነካው። እሳቱን ከምንከበው ልጆች የቀረሁት እኔ ብቻ።

በማግስቱ ሲመሽ እነሱ ልምምድ ገቡ፣ እኔ ብቻዬን ፍሙ ዘንድ ተቀመጥኩ። ኣያ ሓጎስ እንደ ልማዳቸው ስለ ባለ ዋንጫው ጀመሩ። አቋረጥኳቸው።

«ኣያ፣ ባለ ዋንጫው ያልመረጣቸውስ የት ገቡ?»

«ወደይ፣ ልጄ… ስለነሱ ሲወራ አልሰማሁም።»

ከዚያ ተረት ሊጀምሩልኝ «አንድ ልጅ ነበረ» አሉ። ፋኖሱን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና «አንድ ልጅ ነበረ» አሉ። ከሜዳው ፊሽካ ይሰማል። ተረቱ አልመጣላቸውም። በቆሎውን ለሁለት ሰብረው ትልቁን ሰጡኝ።

ትምህርቱንም ብዙ ሳልቆይ ጣልኩት። ከቁሓ እስከ ሓወልቲ ባሉት ሰፈሮች ያልሞከርኩት ሥራ የለም፤ ወሬ ስለማውቅ በየካፌው የሚስቅልኝ አላጣም። ግን ያኔ አንድ ሽማግሌ ለእኔ የሚሆን ተረት አጥተው፣ እያጡም ፍለጋውን ሳይተዉ፣ ከሰሉ አመድ እስኪለብስ አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የፈለገልኝ ሰው የለም።