ክረምቱ ይለፍ ያልን ጊዜ

አባቴ ሮቤ ገበያ ጥግ ላይ ልብስ ይሰፋል። ዓይኑ ደከመ እንጂ ዛሬም አላቆመም። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ የሱሪ እግር ያሳጥራል፤ ስንዴያቸውን ሸጠው ከሲናና ለሚመጡ ገበሬዎች ካፖርት ይጠግናል። አብዛኞቹ ደንበኞቹ የሚያናግሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እሱ ይሰማቸዋል፤ ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ዘርግቶ ይለካቸዋል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው። ሮቤ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም። አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩት እናቴ እንኳ ገበያ ላይ በአፋን ኦሮሞ መከራከር ከጀመረች ቀድሞ የሚደክመው ነጋዴው ነው። አባቴን ለምን እንደማይናገር ስንጠይቀው «ምላሴ አይታጠፍልኝም» ይለን ነበር። የልጅነቱን ነገር አያነሳም። ጎባ እንዳደገ፣ ያሳደጉት ሰው የመንግሥት ሠራተኛ እንደነበሩና እንደሞቱ ብቻ ነው የምናውቀው። ሌላ ዘመድ የለውም ተብለን አደግን፤ የወላጆቻችንን የጽዋ ማኅበር ሰዎች አጎትና አክስት እያልን።

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞ የሰፈርና የባጃጅ ቋንቋዬ ነበር። ሰላምታ፣ ዋጋ፣ ቀልድ አያቅተኝም። ረዘም ያለ ነገር ስጀምር ግን መሀል ላይ አማርኛው ይገባብኛል። ጓደኞቼም እንደኔው ስለሆኑ የሚታዘበኝ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ትምህርት ቤታችን የሁለት ቋንቋ ብቃት ሽልማት እንደሚሰጥ ተነገረን። ተወዳዳሪው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጽፋል፣ ያነባል፤ በመጨረሻ በወላጆች ቀን ሰው ፊት ቆሞ አንድ ታሪክ በአንደኛው ቋንቋ ይተርክና ወዲያው በሌላው ይደግመዋል። ሁለቱን ማደባለቅ አይፈቀድም። ተመዘገብኩ፤ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው የፈራሁት።

የአፋን ኦሮሞ መምህራችን የከተማ ቃል ብቻውን እንደማይበቃኝ ነገሩኝ። ጫካና ከብት ያለበት ታሪክ እንድመርጥ መከሩኝ። እኔም አውቶቡስ ተራ ማር ከሚሸጡ ሰዎች የሰማሁትን መረጥኩ፤ ሀረና ጫካ ውስጥ ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ዝናብ ይዞት፣ መውረድ አቅቶት ስላደረ ሰው። ቤት ውስጥ ታናናሾቼ ስለሚረብሹኝ ከትምህርት መልስ አባቴ ሱቅ እየሄድኩ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እለማመድ ነበር። አባቴ ይሰፋል፤ እኔ እተርካለሁ።

አንድ ቀን ቀፎውን «መና ከኒሳ» አልኩት፤ የንብ ቤት እንደማለት ነው። የስፌት መኪናው ቆመ። አባቴ ቀና ሳይል «ጋጉራ» አለ።

«ምን?»

«ቀፎ ጋጉራ ነው የሚባለው። መና ከኒሳ የሚል የለም።»

ከዚያ መርገጫውን ረግጦ ስፌቱን ቀጠለ። ከየት እንዳወቀው ስጠይቀው ማር ሻጮች ሲሉ ሰምቼ ነው አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ ግን ስሳሳት መኪናው እንደሚቆም አስተዋልኩ። ቃል አይናገርም። እኔ አስቤ፣ ሌላ ቃል ሞክሬ፣ ሳስተካክለው ስፌቱ ይቀጥላል። ካጣሁት ብቻ በዝቅተኛ ድምፅ ይነግረኛል። እንዲህ እያልን ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ጨረስነው። ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች፤ ቆየት ብላ «አባትሽን አትነዝንዢው» አለችኝ።

የወላጆች ቀን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነበር። አባቴ ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሶ መጥቶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ተረክሁ፤ ሰውየው ዛፉ ላይ ሆኖ ሚስቱን ሲጣራ የሚለውን ስል ሰው ሳቀ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በአማርኛ። አንድም ቃል ሳላደባልቅ ወረድኩ። አሸናፊዋ እኔ መሆኔ ሲነገር እናቴ እልል አለች። የምስክር ወረቀትና ወፍራም መዝገበ ቃላት ተሰጠኝ። ሰው እየጨበጠኝ ወደ ኋላ ሳይ የአባቴ ወንበር ባዶ ነበር።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ የውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘሁት። ፊቱን ታጥቦ በኮቱ እጅጌ እያደረቀ ነበር። አሞህ ነው ወይ አልኩት። አይደለም አለኝ። «አባቴ ቀፎ ይሰቅል ነበር» አለ።

ግራ ገባኝ። ያሳደጉት ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ ተብዬ ነው የማውቀው። «የትኛው አባትህ?» አልኩት።

«የወለደኝ። ሀረና ጫካ ውስጥ፣ ሪራ ነው የተወለድኩት።»

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ሆን ብላ ቀደም ቀደም አለች። እሷ ከጋብቻቸው ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ ለማንም እንዳትናገር ለምኗት ነው። አባቴ የነገረኝ በቁርጥራጭ ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰብ እስከ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ እንኳ አይሞላም። ወላጆቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከብትና ማር ነበራቸው። በዚያ የሚያልፉ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አባቱ ቤት ሲያርፉ ልጁን ወደውት፣ ጎባ ወስደው ሊያስተምሩት ጠየቁ። አባቱ እሺ አሉ። ገና የወተት ጥርሱ መርገፍ የጀመረ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት በገባ የመጀመሪያ ሰሞን አፉን በከፈተ ቁጥር ክፍሉ ይስቅበት ነበር።

«አማርኛዬ እስኪያምር ድረስ ሌላ አልናገርም ብዬ ማልኩ» አለኝ። «ሲያምር ጊዜ ደግሞ ሌላው ሄዷል።»

ክርስትና ተነሣ፤ ስሙ ተለወጠ፤ ወላጅ አባቱ ሞቱ ተብሎ ወሬ መጣ። እናቱ አንድ የገበያ ቀን ማር ተሸክማ ጎባ ድረስ መጥታ አየችው። ያኔ ጎረምሳ ሆኗል። የምትለውን ሁሉ ይሰማታል፤ ሊመልስላት ሲል ግን የሚወጣው አማርኛ ነው። እሷ ደግሞ አማርኛ አታውቅም። አጥሩ ሥር ተቀምጠው እጁን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ማሩን ትታለት ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። እሱም ዓመት ዓመትን እየወለደ ሳይሄድ ቀረ። ልሂድ ባለ ቁጥር ምን ብዬ እጀምራለሁ የሚለው ነበር የሚያስቀረው።

«አሁንም በሕይወት ትኖራለች?» አልኩት።

«አንድ ወደ ደሎ መና የሚመላለስ ሾፌር ባለፈው ዓመት አለች ብሎኛል። አርጅታለች አለ።»

ነገውኑ እንሂድ አልኩት። እኔ አወራልሃለሁ፤ ይኸው አወቅሽ ተብዬ ተሸልሜ የለ ወይ አልኩት። የዚያን ቀን ትዕቢቴም አላነሰም። አባቴ ፈገግ አለና ክረምቱ ይለፍ አለ። ምክንያቱም እውነት ነበር። ሪራን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሰነቴ አምባ ላይ ይወጣል፤ በክረምት ጉሙ አያላውስም፤ ሀረና ውስጥ መኪና ጭቃ ይይዘዋል። እሱ ደግሞ የዓመቱን ገቢ የሚያገኘው ከሐምሌ እስከ መስከረም በሚሰፋው ዩኒፎርም ነው። እኔም የመልቀቂያ ፈተና ነበረብኝ። ስለዚህ ተስማማን። ማታ ማታ ያጠናሁትን ዘግቼ እዚያ ስንደርስ ምን እንደምል አስብ ነበር። «ልጅዎን አመጣሁልዎ» የሚለውን በአፋን ኦሮሞ በብዙ ዓይነት አዘጋጅቼዋለሁ። ከእሱ ጋር ግን ደግመን አላነሳነውም። ዩኒፎርሙን ይሰፋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይዘንባል።

መስቀል እንዳለፈ ከጎባ አውቶቡስ ያዝን። ሰነቴ ላይ ብርድ ነበር፤ አባቴ ኮቱን አልቆለፈም። ቁልቁል ወደ ሀረና ስንገባ ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል የዛፎቹን ስም እየጠራ ነው፤ አንዳንዱን ጀምሮ ይተወዋል።

ሪራ ወርደን መንገድ ዳር በጀሪካን ማር የሚሸጥ ሰው አገኘን። አባቴ የአባቱን ስም ነገረኝ፤ እኔ ጠየቅሁለት። ወደ ጎባ ለትምህርት የሄደው ልጃቸው መጥቷል አልኩ። ሰውየው አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ማሩን ትቶ ወደ ቤቶቹ ሄደ። ከእሱ ጋር አንዲት ሻሽ ያሰሩ ረጅም አሮጊት መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ አዩት፤ ከዚያ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ስም ጠሩት።

አባቴ አፉን ከፈተና፣ እኔ ስሰማው የመጀመሪያው የሆነውን ሙሉ የአፋን ኦሮሞ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«አዮን ኤሳ ጅርቲ?»

እማዬ የት ናት ማለት ነው። አዮ የሚሉት ትንንሽ ልጆች ናቸው። የስድሳ ዓመት ሰው፣ ፂሙ የሸበተ፣ ከጨዋታ እንደተመለሰ ሕፃን ጠየቀ። ማር ሻጩ ወደ መንገዱ ዞረ። አክስቴ ጎተት አድርገው አቀፉት፤ ትከሻው ላይ ሆነው ነገሩት። እናቱ ነሐሴ ላይ ነው የሞቱት፤ ጉሙ ባልተገለጠበት ሰሞን።

ቤት ገብተን ወተት ተሰጠን። አክስቴ ያወራሉ፤ አባቴ ለመመለስ ይሞክራል። ርቦኛል፣ በርዶኛል፣ ጥጃው ሄደ የሚለውን ያውቃል፤ ለሐዘን፣ ለጸጸት፣ ለይቅርታ የሚሆን ግን አንድም ቃል የለውም። ያን ሳይማር ነው የተወሰደው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪልኝ» አለ። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ለአክስቴ በአፋን ኦሮሞ እነግራቸዋለሁ። ለገዛ አባቴና ለገዛ እህቱ ማስተርጎም ነበረብኝ።

አክስቴ፣ አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ልጄን አይታችኋል ወይ ይሉ እንደነበር ነገሩን። ሰው ጎባ ትልቅ ከተማ ነው፣ አናውቀውም ይላቸዋል። ከዚያ መጠየቅ ተዉ።

አባቴ ይህን አሳምሮ ሰምቶታል። ፊቱ ላይ አየሁት። ቢሆንም ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ።

ላሳጥርለት ፈልጌ ነበር፤ መጠየቅ ተዉ የሚለውን ልተውለት። ግን ሰምቶታል። ከሰማው ላይ ብቀንስ ያውቀዋል። ስለዚህ እንዳለ በአማርኛ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ ትከሻውን እየደባበሱ አሏህ ይርሐማት አሉ፤ እሱም አሜን አለ።

የአያቴ መቃብር ገና አዲስ አፈር ነበር። ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አባቴ ቆቡን አውልቆ ቆመ፤ እጁን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፤ አንዴ ያጣምረዋል፣ አንዴ ይዘረጋዋል። እኔ ሰኔ መጥተን ቢሆን እያልኩ ነበር። መንገዱ ጭቃም ቢሆን ሰው ይሄድበት ነበር። አውቶቡሱም ክረምቱን ሙሉ አልቆመም፤ ኋላ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ያን ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱም ጠይቆ ይሆናል፤ ለእኔም አልነገረኝም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሁን ከሮቤ እየተመላለስኩ ጎባ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። አክስቴና አባቴ በስልክ ይገናኛሉ። ሪራ ኔትወርክ የሚገኘው ከፍታ ላይ ስለሆነ አክስቴ ዓርብ ከሶላት በኋላ ዳገት ወጥተው ይደውላሉ። አባቴ ስልኩን ይዞ ከሱቁ ይወጣል። ቃላቱ እየተመለሱለት ነው፤ ከሩቅ እሰማዋለሁ። ከእኔ ጋር ግን አንድም ቀን በዚያ ቋንቋ አውርቶ አያውቅም። ስጀምርለት በአማርኛ ይመልስልኛል። አንድ ጊዜ ደፍሬ ለምን አልኩት።

መርፌው ውስጥ ክር አስገባ። «ላንቺ አባት የሆንኩት በአማርኛ ነው» አለኝ። «በዚያኛው ገና ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

ባለፈው ዓመት አክስቴ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኛ ጋ ሰነበቱ። ቀን ቀን ሱቁ ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ተቀምጠው ከአባቴ ጋር ያወራሉ። አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤላቸው ስሄድ አባቴ ሲስቅ ሰማሁ፤ እኔ የማላውቀው ሳቅ ነው፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። መጋረጃውን ስገልጥ ሳቁ ቆመ። «ነይ ግቢ፣ አስቀምጪው» አለኝ፣ በአማርኛ። አክስቴ አማርኛ ስለማያውቁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። የአባት እህት በምትጠራበት ቃል «አዳዳ፣ አይዞዎት፣ ይጫወቱ» አልኳቸው በአፋን ኦሮሞ፤ መረቁኝ፤ ጨዋታው ግን አልቀጠለም። ስኳሩን ጨምሬ፣ ብርጭቆዎቹን አቅርቤላቸው ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ጨዋታቸውን እንደገና እስኪጀምሩ ጠበቅሁና ወደ ቤት ሄድኩ።