የተወለወለው መዳብ

የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ተገንጥሎ ጆሮዬ ሥር ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳው ላይ ተሰካ። ዛሬ ጠዋት ነው፣ እዚሁ አሶሳ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ሙቀትን በምስል የሚያሳየውን ካሜራ ይዤ የሄድኩት የወፍጮው ባለቤት ሐጂ "ሳጥኑ ይሸታል፣ እስኪ እየው" ስላሉኝ ነበር።

ሦስቱን የመዳብ ማያያዣዎች ለካሁ። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሁለት ዲግሪ። "ሰላም ነው" አልኩ ኮራ ብዬ።

ከዚያ ዓይኔ ከመሃለኛው ማያያዣ የሚወጣው ገመድ ላይ አረፈ። ዘጠና አምስት! ገመዱን የሚያግለው ማያያዣው ሆኖ ሳለ እንዴት ራሱ ይቀዘቅዛል?

የሐጂ ልጅ ኢድሪስ ሳጥኑን ተደግፎ ፈገግ አለ። "መምህር ይመጣል ብዬ ትናንት መብራቱን አጥፍቼ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ቆሻሻ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው።"

የሚያብረቀርቅ መዳብ ቢግልም ካሜራው ቀዝቃዛ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ይህን በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። ለካ ማያያዣው ግሎ ሊፈነዳ ደርሷል!

የኢድሪስን ደረት ገፍትሬ ጣልኩት። ሳጥኑ ፈነዳ። ነጭ ብልጭታ፣ የቀለጠ መዳብ ፍንጣሪ፣ የራሴ ፀጉር ሽታ።

ሐጂ ሮጠው መጥተው ኮሌታዬን ጨመደዱኝ። "ሰላም ነው አላልክም? ልጄን ልትገድልብኝ ነበር!" በጥፊ አጮሉኝ።

ኢድሪስ ቅንድቡ ብቻ ነው የተቃጠለው፣ ተመስገን።

እናንተስ ለሌላው የምታስተምሩትን ራሳችሁ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። መልሴ ከዘገየ አትቀየሙኝ፤ ቀኝ እጄ በፋሻ ስለተጠቀለለ የምጽፈው በግራ ነው።