የፀሐይወርቅ ቴምብሮች

ፀሐይወርቅ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አብዮቱ እንደፈነዳ ብዙ ሰው የንጉሡ ምስል ያለበትን ቴምብር እየፈራ ሲያቃጥል፣ እሷ ግን በየፖስታው ላይ የተለጠፈውን ለብ ባለ ውሃ እያላቀቀች ትሰበስብ ጀመር። ጎረቤቷ ጋሽ አለበልም የሟች አባታቸውን አሮጌ ፖስታዎች በርካሽ ሸጡላት።

ከዓመታት በኋላ በከተማው የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች የድሮ ቴምብር ማሳደድ ያዙና ዋጋው ሰማይ ነካ። አንደኛው መምህር የፀሐይወርቅን ስብስብ ሲያገላብጥ ዓይኑ አንዲት ሰማያዊ ቴምብር ላይ ቀረ፤ ከጋሽ አለበል ፖስታዎች የወጣች ናት። ፀሐይወርቅ «የቴምብሯን ባለቤት ልጠይቅ» ብላው ቴምብሯን ይዛ ጎረቤቷ ቤት ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺ የአባትዎ ናት። ፈላጊ መጥቶላታልና እርስዎ ይሽጧት።»

«ሸጬልሽ የለም እንዴ ልጄ?»

«ከእርስዎ የገዛኋት ማንም በማይፈልጋት ጊዜ ነው። እኔ እንደሆነ አይቼ ጠግቤያታለሁ።»

ሽማግሌው ግንባሯን ሳሟት። በሽያጩም የሚያፈስ ጣሪያቸውን አዲስ ቆርቆሮ አለበሱት፤ ያን ክረምት ከነቤተሰባቸው ደረቅ አልጋ ላይ ተኙ።

ብዙም ሳይቆይ መምህራኑ ወዳገራቸው ተመለሱና ገበያው ወደቀ። አትርፈው ሊሸጡ ያከማቹ ሰዎች ቴምብራቸውን በንዴት ሊጥሉት ሲሉ ፀሐይወርቅ ደረሰች። ለእሷስ ሠርግ ነበር! ከየቤቱ እየለመነች፣ ስታጣቸው የኖረቻቸውን ቴምብሮች አንድ በአንድ አሟላች።