ቢች ሰፈር ለቅሶ ልንደርስ የሄድን ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ሰመር፣ ጁላይ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። እኔ ቶሎ የምረሳ ልጅ ነኝ፤ የትናንቱን ሆምወርክ እንኳ እረሳለሁ። ያቺን ቅዳሜ ግን ስትሪትካር፣ ያን በከተማው መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደውን ባቡር፣ ባየሁ ቁጥር አስታውሳታለሁ። ለማንም ተናግሬያት አላውቅም። አሁን ግን በአማርኛ መጻፍ ችያለሁ! አዎ፣ ችያለሁ። በቸርቻችን እህት ሰናይት ፊደል ስታስቆጥር ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አይገባም ነበር። እና ይቺን ታሪክ በራሴ እጅ፣ በእናቴ ቋንቋ ልጽፋት ብዬ ተነሳሁ።

እናቴ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ የኖረችው ግን ሚስ ዶሪስ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ቤታቸው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቢች የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። እናቴ እንደ ብዙ አድርጋ “ቢችስ” ስትል ሚስ ዶሪስ “ቢች ነው! አንድ ነው!” እያሉ ያርሟት ነበር። እሷ ደግሞ ቤት ስትመጣ ስለሳቸው የምታወራው በአንቱታ ነው። “ሚስ ዶሪስ ዛሬ ሾርባቸውን ጨረሱ።” “ሚስ ዶሪስ ዛሬ ተቆጡኝ።” ፈረንጅ በአንቱታ ሲጠራ እኔን ያስቀኛል።

ስለ ሰፈሩ የምትነግረኝ አያልቅም ነበር። ሐይቁን ተከትሎ ቦርድዎክ የሚሉት ረጅም የእንጨት መንገድ አለ። ውሾች ብቻቸውን የሚዋኙበት ዳርቻ አለ። ሰዉ በዋና ልብስ ባንክ ይገባል። በመንገዱ ዳር ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ደግሞ የሞተ ሰው ስም በትንሽ ብረት ላይ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ቤተሰቡ ነው የሚያስለጥፈው። እኛ የምንኖረው ፓርክዴል፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። “እማዬ ውሰጂኝ” ባልኩ ቁጥር መልሷ አንድ ነው፦ “ሥራ ቦታ ልጅ ይዞ አይኬድም።”

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ከሚያሠራት ኤጀንሲ ቴክስት መጣላት። ወጥ ቤት ቆማ አነበበችውና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። “እስኪ አንቺ አንብቢው፤ እኔ ተሳስቼ ይሆናል።” አልተሳሳተችም። ደንበኛሽ ስላረፉ ከነገ ጀምሮ የሥራ ሺፍትሽ ተሰርዟል ይላል። ሌላ የለውም።

እማዬ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አርብ ቀኑን ሙሉ ለሚስ ዶሪስ ልጅ፣ ለሱዛን ደወለችላት፤ አታነሳም። “በቃ ነገ እንሄዳለን” አለችኝ ማታ።

“ሳይጠሩን?”

“ለቅሶ ቤት ተጠርቶ ነው እንዴ የሚኬደው? አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?”

እኔ የተፈለግኩት ለማስተርጎም ነው። እማዬ ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አላት፤ ለሐዘን የሚሆን ግን የላትም። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር። እዚያ ቤት ገብታ፣ ሚስ ዶሪስ የሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ከልጃቸው ጋር ትንሽ አልቅሳ መውጣት። “ሳላለቅስላቸው ብቀር ይቆጨኛል” አለች። “ሦስት ዓመት በእጄ ያጠብኳቸው ሴትዮ ናቸው እኮ።”

እውነቱን ለመናገር እኔ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። በመጨረሻ ቢችን ላየው ነው!

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፤ ጥቁር ነጠላዋን አጣፋች፤ ሌሊት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልላ አቀፈችው። እኔንም ጥቁር አስለበሰችኝ። ሙቀቱ ሌላ ነው። ስትሪትካሩ ወደ ምሥራቅ በሄደ ቁጥር የሚገባው ሰው ሁሉ ፎጣና ጃንጥላ የያዘ፣ ክሬም የተቀባ፣ ግማሽ ራቁቱን የሆነ ነው። አንድ ሕፃን የተነፋ የፕላስቲክ ዳክዬ ወገቡ ላይ አጥልቆ እናቴን አፍጥጦ ያያታል።

“እማዬ፣ ጥቁር የለበስነው እኛ ብቻ ነን።”

“እነሱ ሊዋኙ፣ እኛ ልናለቅስ። ምን አገናኘን? ይልቅ ‘እግዚአብሔር ያጽናችሁ’ን ምን ብለሽ ነው የምትይልኝ?”

“‘ሶሪ ፎር ዩር ሎስ’ ነው የሚባለው።”

“ይኼው ነው? አጠረ። ጨምሪበት እንጂ።”

መንገዱን ሙሉ ስጨምርበት ሄድኩ። ጥሩ አድርጌ አዘጋጀሁት። ‘እናትሽ ለእናቴ እንደ እናት ነበሩ’ የሚል ሁሉ ነበረበት።

ከስትሪትካሩ ወርደን ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ያዝን። ቤቶቹ አጥር የላቸውም፤ በረንዳው ሁሉ በአበባ የተሞላ ነው። የሚስ ዶሪስ ቤት ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች። በሩ ላይ ቢጫ ፊኛ ታስሯል። ከጓሮ ሙዚቃና ሳቅ ይሰማል። በጎን በኩል የሚገባው የሚወጣው ሰው ሁሉ ቢጫ ለብሶ ብርጭቆ ይዟል።

“ሠርግ ነው?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“አይደለም እማዬ። እንዲህ ያደርጋሉ። የሞተውን ሰው ሕይወት እያከበሩ ነው። አያለቅሱም።”

“ጨርሶ?”

“ጨርሶ።”

ነጠላዋን አስተካከለችና “እኛ የራሳችንን እናደርጋለን” ብላ ደወሉን ተጫነች።

የከፈተችው ሱዛን ናት፤ ወይን ጠጇን እንደያዘች። ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር። እኛን ስታይ ሳቁ አልጠፋም፣ ግን ቆመ። “ኦ… አልማ!” አለች። የእናቴ ስም አልማዝ ነው። “ቁልፉን ልትመልሺ ነው የመጣሽው? እንዴት ያለሽ ጥሩ ሰው ነሽ!”

እማዬ ስለ ቁልፉ አላሰበችም ነበር። ግን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ዓመት እዚያው ነው የኖረው። አውጥታ ሰጠቻት። እኔ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። መሀል ላይ ሱዛን “ሶ ስዊት” ብላ ዳቦውን ከእናቴ እጅ ተቀበለችና አሸተተችው። “ባናና ብሬድ ነው?”

“የት እንደተቀበሩ ጠይቂልኝ” አለች እማዬ።

ጠየቅኩ። ሱዛን በእጇ ወደ ሐይቁ አሳየችን። አስከሬናቸው ተቃጥሏል። አመዱን ጠዋት ሐይቁ ላይ በትነውታል። የሚወዱት ቦታ ነበር አለች። ይህን ለእናቴ በአማርኛ መንገር ነበረብኝ። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም፤ የማስታውሰው የበሩን እንጨት መያዟን ነው።

“ገብተን ትንሽ ቁጭ እንበል በያት።”

አልኳት። ሱዛን ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ቀጥላ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ዛሬ ቤተሰብና የቅርብ ወዳጆች ብቻ መሆናቸውን፣ እንደምንረዳት እርግጠኛ መሆኗን ነገረችኝ። ከበሩ ኋላ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አንስታም ሰጠችን። እናቴ እዚያ ቤት ስትሠራ የምታደርገው ነጠላ ጫማና ሽርጧ ነው። አስቀድሞ ታስሮ ተዘጋጅቷል።

“እማዬ… ቤቱ ሞልቷል ነው የምትለው። ቦታ የለም።”

“ሰምቻታለሁ” አለች እማዬ። “ለሱ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።”

በሩ ተዘጋ። በጓሮ በኩል አንድ ሰው የሆነ ቀልድ ጨርሶ ሁሉም ሳቁ። በእኛ እንዳልሳቁ አውቃለሁ። ቢሆንም ጆሮዬ ጋለ።

እማዬ ወደ ስትሪትካሩ አልተመለሰችም። ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እና ስንት ጊዜ የለመንኩት ቢች ፊቴ ተዘረጋ። ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ውኃው ወዲያ ማዶ የለውም፣ ባሕር ነው የሚመስለው። የእንጨቱ መንገድ ከእግር በታች ይሞቃል። አይስክሬም የሚጠብቅ ሰልፍ፣ ቮሊቦል፣ ከውኃ ወጥቶ ራሱን እያራገፈ ሰዉን የሚያረጥብ ውሻ። እማዬ የነገረችኝ ሁሉ አለ። አንዱም ደስ አላለኝም። የነጠላ ጫማውን ከረጢት ይዤ ቆሜ ነው ያየሁት።

እማዬ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ውኃውን አየችው። ልጆች ይንቦጫረቁበታል። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ጀመረች።

እናቴ ስታለቅስ አይቻለሁ። እንዲህ ስታለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ደረቷን በእጇ እየመታች፣ ጮክ ብላ። “ሚስ ዶሪስዬ! ፀጉርዎን ማን ያበጥርልዎ! ‘መስኮቱን ዝጊ አልማ፣ በረደኝ’ የሚሉኝ! ብርድ አይወዱ! ብርድ አይወዱ እኮ! ውኃ ውስጥ ጨመሩዎት!”

ቦርድዎኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እርምጃውን ቀነሰ። ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት እኛ ጋ ስትደርስ ከእንጨቱ ወርዳ በአሸዋው ዞረችን። አንድ ሰውዬ ስልኩን አወጣ። እኔ ማንን ማየት እንዳለብኝ ጠፋኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ትከሻዋን ያዝኩ።

ትንሽ ቆይቶ ላይፍጋርዷ መጣች። ዋናተኞችን የምትጠብቅ፣ ቀይ የለበሰች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። እየሮጠች ነው የመጣችው።

“ተጎድታለች?”

“አይ፣ ሰው ሞቶባት ነው።”

“እዚህ? ውኃው ውስጥ?” እጇን ወደ ሬዲዮዋ ሰደደች።

“አዎ… አይ… ውኃው ውስጥ ናቸው፣ ግን ሰምጠው አይደለም።” ይኼን ማን ሊያስረዳ ይችላል? ቤታቸው እንደሞቱ፣ አሮጊት እንደሆኑ ነገርኳት። ልጅቷ ተንፍሳ ሬዲዮዋን ለቀቀች። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በፍጥነት አወራችኝ። በጣም እንዳዘነች ነገረችኝ። ሰዉ ግን ልጅ የሰመጠ መስሎት እየደነገጠ ነው አለች። እናቴ ቀስ ብላ ልታለቅስ ትችል እንደሆነ፣ ወይ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው በኩል፣ ብንሄድ ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እማዬ ከነጠላዋ ሥር ሆና ምንም አልሰማችም። “ምን አለች?” አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። ድምፅዋ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ልትነሳ እንደሆነ አወቅኩ፤ ምክንያቱም እናቴ እዚህ አገር ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያናግራት ትነሳለች።

ላይፍጋርዷን አየኋት። የእንጨቱን መንገድ ወዲህም ወዲያም አየሁት።

“‘እግዚአብሔር ያጽናሽ’ አለችሽ” አልኩ። “‘ሲደብቁት ይጎዳል፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ’ አለችሽ።”

እማዬ ነጠላዋን ገለጠች። እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። “ተባረኪ የኔ ልጅ። እናትሽን ያቆይልሽ። ሰው አለ ለካ!” ላይፍጋርዷ ምን እንደተባለች አልገባትም። ቀይ ሆነች። እጇን ግን አልነጠቀችም፤ እሱን እመሰክርላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ወደ ማማዋ ተመለሰች። እማዬም አለቀሰች። እስኪወጣላት ድረስ፣ ሁሉንም እየጠራች፣ ሻዩን፣ ካልሲውን፣ የማታውን ጸሎት። ተመልሶ የመጣብን ሰው የለም።

አሁን እማዬ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ሌላ ሰውዬ ጋ ትሠራለች። ሰው ሊጠይቀን ቤታችን ሲመጣና ስለ ፈረንጅ ጭካኔ ሲነሳ “አይባልም!” ትላለች። “የቢቿን ልጅ ባታውቋት ነው። ቀይ የለበሰች፣ ፍሬ የምታክል ልጅ። ቤተሰቡ በር ሲዘጋብኝ እሷ ‘አልቅሺ፣ ይውጣልሽ’ ያለችኝ።” ለልጅቷ ትጸልይላታለች። ሰዉም “አሜን፣ የእግዚአብሔር ሰው የትም አለ” ይላል። ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ፣ ምስክር ነኛ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

እስከ ዛሬ በአማርኛ የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእማዬ ነው። ይኼን አላነበብኩላትም፤ መቼ እንደማነብላትም አላውቅም። በመዋሸቴ አልተጸጸትኩም፤ ነገም ቢሆን እዋሻለሁ። የሚመረኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል የሚያምር ሰፈር፤ “አልቅሺ” የሚል አንድ ሰው ግን አልተገኘም። እኔ ፈጠርኩላት።