አርባ ስድስት ልጆች «ገባን» ሲሉ

መምህርት የዝናሽ በአሥራ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኗ እንደዚያ ሳምንት ደንግጣ አታውቅም። ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት፣ የማኅተሙ ቀለም ገና ያልደረቀበት ጊዜ ነው። እሷ ከወሎ በሰፈራ መጥታ፣ ሆሞሻ አቅራቢያ ባለች የቀርከሃ ግድግዳ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ለዚያች ትምህርት ቤት አዲስ ርዕሰ መምህር ተሾመ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዐወድ። ራሷ ፊደል ያስቆጠረችው፣ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ የምታውቀው የአካባቢው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፣ ዛሬ ኮት ለብሶ የቢሮ ቁልፍ ይዞ ከተፍ አለ።

ሰኞ ጠዋት ደብተር ይዞ ክፍሏ ገባና ከኋላ ከልጆቹ መሃል፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ እስኪደርስ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ይጽፍ ጀመር። ማክሰኞም መጣ። ረቡዕም መጣ።

የዝናሽ የምታውቀው ተቆጣጣሪ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፤ ጥፋት ይጽፋል፣ «ፈርሚ» ይላል፣ ይሄዳል። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሚጻፍ ጥፋት ግን ምን ያህል ቢሆን ነው?

ከወለጋ የመጣው የሒሳብ መምህር ሌንጂሳ ማንጎው ሥር አገኛት። «ተማሪሽ ሊያባርርሽ ነው መሰለኝ። ያኔ ገርፈሽዋል እንዴ?»

«አንድ ቀን አንበርክኬዋለሁ።»

«በቃ፣ ጉልበቱ አልረሳሽም።»

ሳቀች። ግን ሁለት ልጆች የምታሳድገው ብቻዋን ነው። እጇም ከጠመኔ ሌላ የለመደው ሥራ የለም። ደግሞ «ሰፋሪ ከሥራ ሊነሣ ነው» የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል።

ረቡዕ ከሰዓት ዐወድ ቢሮ አስጠራት። ገና ወንበሩን ሳትይዝ፣ «ደብዳቤውን ይስጡኝ» አለችው። ፊደል ያስቆጠረችውን ልጅ አንቱ አለችው።

«የምን ደብዳቤ፣ እትዬ?»

«የስንብቱን ነዋ።»

ዐወድ ደብተሩን ገልጦ አዞረላት። ጥፋት የሚባል ነገር አልተጻፈበትም፤ የአርባ ስድስት ልጆች ስም ነው፤ ከሠላሳ ሦስቱ ጎን ነጥብ አለ።

«ስለ ተክል ክፍሎች ሦስት ቀን በአማርኛ አስተማሩ። ‹ገባችሁ?› ሲሉ ሁሉም ‹ገባን› አሉ። በዕረፍት ሰዓት በበርትኛ ጠየቅኋቸው። ነጥብ ያለባቸው ትምህርቱ ስለ ምን እንደ ነበር እንኳ አያውቁም።»

«በአንድ ድምፅ ነው እኮ የሚመልሱት።»

«ይመልሳሉ። እኔም ስመልስ ነበር። ‹ገባን› ማለት የሰላምታ ምላሽ ነበር የሚመስለኝ። እርስዎ ‹ጎበዝ› ብለው አስጨበጨቡልኝ፤ ለምን እንደ ተጨበጨበልኝ የገባኝ ሁለተኛ ክፍል ነው።»

የዝናሽ ነጥቦቹን በጣቷ ተከተለች። አሥራ አራት ዓመት፤ በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ። ስንብቱ በስንት ጣዕሙ።

«ለምን ቀድሞ ማንም አልነገረኝም?» አለች።

«ከኋላ ተቀምጦ ያየልዎት አልነበረማ። ነገ እኔ አስተምራለሁ፤ ከኋላ ሆነው ስሕተቴን ይጽፋሉ። ከዚያ ይተኩኛል። ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ነፃ አድርጌዋለሁ፤ ሌንጂሳም ይገባበታል።»

ሐሙስ ዐወድ ከነሥሩ የተነቀለ ማሽላ ይዞ ገባ። መጽሐፉ እንደሚያዝዘው በአማርኛ ሥሩን አሳየ፣ ግንዱን አሳየ፣ ቅጠሉን አሳየ፣ ላቡ እስኪንቆረቆር ለፋ። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ክፍሉ መለሰና «ገባችሁ?» አለ።

«ገባን» አሉ አርባ ስድስቱም።

ከኋላ ሌንጂሳ በሳቅ ፈነዳ። ዐወድ በድንጋጤ የገዛ አፉን ያዘ። የዝናሽ ጻፈች። የራሷን ስሕተት በእሱ አፍ ሰምታዋለች።

ተነሣችና ማሽላውን ተቀበለችው። ከሁሉ ጎልታ የጮኸችውን ልጅ ጠርታ፣ «ሥሩን ያዢልኝ» አለቻት። ልጅቷ ቅጠሉን ያዘች።

የዝናሽ አላረመቻትም። ወደ ዐወድ ዞር ብላ «ሥርን በበርትኛ ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ነገራት። ቃሉን ደገመችው፤ አበላሽታው ኖሮ ክፍሉ በሳቅ ታመሰ። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ሙከራዋ ልጅቷ ቅጠሉን ለቀቀችና፣ አፈር የያዘውን ሥር በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።