ጠዋት ሁለት ሰዓት የጠፋበት ዝርዝር

ልጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀምራ በሦስተኛው ወር ተወችው። «አይገባኝም፣ አባ» አለችኝ። እኔ ፓምፕ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። አማርኛንም ከገበያና ከሥራ ቦታ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ያለ ርኅራኄ መለስኩላት፤ «የማይገባ ነገር የለም፤ ያለው ሰነፍ ሰው ነው።»

«እንግዲያው አንተ ሞክረው» ብላ አሮጌ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች።

የጀመርኩት እሷን ለማሳፈር ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን አንዲት ቅንፍ መዝጋት ረስቼ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ዛሬ የገባኝ ነገ ይጠፋኛል። ፓምፕ ሲታመም ድምፁ ይናገራል፤ ይህ ግን ቀይ ጽሑፍ ብቻ ይዘረግፋል፣ እሱም በእንግሊዝኛ። አንዳንድ ቀን ዕድሜዬ ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጭንቅላቴ ነው እላለሁ። ልጄ «እንዴት ነው?» ስትለኝ ግን «ጥሩ ነው» እላታለሁ።

በአምስተኛው ወር አንድ ነገር ሠራልኝ። የሰፈራችንን የውሃ ፓምፕ የማስነሳው እኔ ነኝ፤ የሠራልኝም የትኛው መንደር በየትኛው ቀንና ሰዓት ከቦኖው እንደሚቀዳ የተራ ዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም ነበር። ዝርዝሩን አሳትሜ ቦኖው ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ፓምፑን አስነሳሁ። ማንም አልመጣም። «ሰነፎች!» ብዬ አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት በስምንት ሰዓት፣ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ደረቁን ቦኖ ከበውታል።

«የኮምፒውተሩ ጌታ!» አሉኝ አንዲት አሮጊት። «ውሃችንን እዚያው ውስጥ ቆለፍክበት እንዴ?»

ብዙዎቹ ሳቁ። ሁለት እናቶች ግን ሳይስቁ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ባሮ ወንዝ ወረዱ። ልጆችን የወንዝ ውሃ አታጠጡ እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አየሁት፤ 8:00 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ጠዋት ሁለት ለእሱ ስምንት ነው። ስድስት መቀነስ ነበረብኝ። ይህን በከተማችን ሕፃን ያውቃል።

ቤት ገብቼ ለልጄ አሳየኋት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ትናንት አይቼዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስህተትህ ሲነገርህ ትቆጣለህ፣ አባ። ደግሞስ ሰነፍ ምን ያውቃል?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። እውነቷን መሆኑን ያረጋገጠልኝ ያ የተከፈተ አፍ ነው።

«አምስት ወር ሙሉ አልገባኝም» አልኳት። «የገባኝ አስመስዬ ዋሸሁሽ።»

«አውቃለሁ። አሁን መጀመሪያ ሂድና ለሴቶቹ ንገራቸው።»

ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው፤ ፓምፑንም አስነሳሁ። ወደ ባሮ ለወረዱት ግን አልደረስኩም። ልጅን «ሰነፍ» ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ አለማወቅን በልጅ ፊት መሸከም ነው። እኔ ልጄን ያስተማርኳት መደበቅን ነው።

ትምህርቱን እስካሁን አልቀጠለችም። አዲሱን ዝርዝር ግን ከመለጠፌ በፊት «እስቲ እዪልኝ» ብዬ ሰጠኋት። እርሳስ አንስታ ሁለት ቦታ ላይ ክብ አደረገችና «ስህተቱን አንተው ፈልገው» ብላ መለሰችልኝ። የአንደኛውን ስህተት አገኘሁት። የሁለተኛውን ገና እየፈለግሁ ነው።