አባቴን የከሰስኩበት ማመልከቻ

የሄድኩ ዕለት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አባቴ ሻንጣዬን በትከሻቸው ተሸክመው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ድረስ መጡ። ጎማ አለው፣ ይጎተታል ብላቸው «የሰው ዕቃ መሬት ለመሬት አይጎተትም» ብለው እምቢ አሉ። ሾፌሩን፣ ተሳፋሪውን፣ ያገኙትን ሁሉ «ልጄ ጀርመን አገር ልትማር ነው፤ በቆሎ የማይሻግትበት ጎተራ ልትሠራልን» ይሉታል። ሰውም «እሰይ!» ይላል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺን የመረጡሽ ምን አይተው ነው?» አሉኝ ልሳፈር ስል።

«ጽሑፌን አይተው ነው አባዬ።»

«እንዲያ አድርጎ የጻፈ እጅ ይባረክ!» ብለው እጄን ሳሙት።

ያ እጅ ምን እንደጻፈ ልንገራችሁ።

ቡሬ ካምፓስ ሳስተምር ጥናቴ በቆሎ ነበር፤ ገበሬው እርጥቡን ጎተራ ሲከተው ለምን እንደሚሻግትበት፣ በምን ቢያደርቀው እንደሚሻለው። ያለን የእርጥበት መለኪያ አንድ ነው፤ እሱም መብራት ካለ ነው የሚሠራው። በሳይንስና በምህንድስና ለተሰማሩ ሴቶች የምርምር ድጋፍ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት አለ ሲባል አመለከትኩ። ቅጹ «ሴት በመሆንሽ የገጠመሽን መሰናክል ግለጪ» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት እውነቱን፣ አባቴ ደክመው እንዳስተማሩኝ ጻፍኩ። ወደቅሁ። አብራኝ ያመለከተች ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ! አባቴ ደግ ነው ብሎ ድጋፍ የሚለምን ማን አለ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ አባቴ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሊድሩኝ ሲሉ ከቤት ጠፍቼ ነው የተማርኩት ብዬ ጻፍኩ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሊድረኝ የተነሣው የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ፈንታ ነበር። አባቴን ሳይጠይቅ ለሰዎች ቃል ሰጥቶ ጨርሷል። አባቴ ብቻቸውን ቤቱ ሄደው «ልጄ ትማራለች» አሉት። ወንድማቸውን በአገር ፊት ላለማዋረድ ግን ነገሩን ለማንም አልተነፈሱም፤ ለሽማግሌዎቹም «ልጅቷ ታማለች» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ሰው መኳረፋቸውን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። አባቴም በየሰኞው ስንቄን ተሸክመው ፍኖተ ሰላም እስከተከራየሁባት ክፍል ያደርሱኝ ነበር።

በሁለተኛው ጽሑፍ አለፍኩ።

ጀርመን ዝናቡ እንደኛ አገር አጓርቶ፣ ዘንቦ፣ አባርቶ አይሄድም፤ እንደ ነገረኛ ሰው ሲነዘንዝ ይውላል። በቆሎውን ከቆርቆሮ አውጥተው፣ እንደቀዘቀዘ፣ ሰላጣ ላይ ይነሰንሱታል፤ ስኳር ስኳር ይላል። የቡሬ መንገድ ዳር ጥብስ እሸት በዓይኔ ላይ ይሄድብኛል። አከራዬ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣች ግድግዳውን ትዳስሳለች።

«ሉፍተን! መስኮት ክፈቺ! እርጥበት ካለ ሻጋታ ይመጣል።»

«ውጭው በረዶ ነው እኮ።»

«በረዶም ቢሆን። እናንተ አገር እርጥበት ምን እንደሆነ አይታወቅም መሰለኝ።»

«የምማረው እሱን ነው።»

«ምኑን?»

«እርጥበትና ሻጋታን። ለዶክትሬት።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ይበልጥ ማወቅ ነበረብሽ» ብላ መስኮቱን በረገደችው።

ይህን በስልክ ስነግራቸው አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በኋላ አልሰማኋቸውም።

ድርጅቱ ፎቶዬን ከታሪኬ ጋር ፌስቡክ ላይ አወጣው። ማን ያየዋል ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ገጹ ራሱ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ይተረጉማል። እኛ አገር ኔትወርክ ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ አዲስ የመጣ መምህር አገኘውና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ለተቀመጠው ሰው አነበበው። በክፋት አይደለም፤ የዚህ አገር ልጅ ናት ብሎ ኮርቶ ነው። አባቴ እዚያው ነበሩ። አጎቴ ፈንታም ነበር።

እናቴ ናት የነገረችኝ። «አጎትሽ ‹ለካ ዳሪው አንተ ኖረሃል!› አለና ሳቀ። አባትሽ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። ወደ ቤቱ መጣ።»

በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት።

«ታሪኬ እንዲነሣ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«ለምን? ከሁሉ የተነበበው ያንቺ ነው እኮ!»

«አባቴ ሰሙት።»

ፈገግታዋ ጠፋ። ተነሥታ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አስፈራራሽ?» አለችኝ።

«ኧረ በፍጹም! አባቴ እንዲያ ያለ ሰው አይደሉም። የተጻፈው ነው... ልክ ያልሆነው።»

«ገባኝ። ቤተሰብ ሲጫናቸው ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ዋሽቼ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። ምላሴ ላይ መጣ። ድጋፉ ይቋረጣል፣ ትምህርቱም ይቀራል አልኩና መልሼ ዋጥኩት። የሥነ ልቦና ባለሙያ ስልክ ጽፋ ሰጠችኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ታሪኩን «ለደኅንነቴ» ብለው አነሡት። አሁን በፋይላቸው አባቴ ልጃቸውን ባሕር ማዶ ድረስ የሚያስፈራሩ ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ይህንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ እሑድ ደወልኩ። አባቴ ስለ ብርዱ ጠየቁኝ። በቆሎው መሰብሰቡን ነገሩኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር» አሉ።

«ይጠይቁኝ አባዬ።»

«ያ እኔ ልድርሽለት የነበረው ሰውዬ፣ ስሙ ማን ነበር? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።»

ስም አላወጣሁለትም ነበር።

«አባዬ፣ ዋሽቼ ነው። በእግዜር ይቅር ይበሉኝ።»

«መዋሸትሽንማ እኔ አውቃለሁ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ያላወቁት እነሱ ናቸው።» ስልኩንም ለእናቴ ሰጧት።

ያን እሑድ ደጀ ሰላም ተቀምጣችሁ ለሰማችሁት፣ ይኸው ጻፍኩላችሁ። ለቢሮው ግን እስከ ዛሬ አልጻፍኩም።